እንዲህ ነው እንጂ ጥናት!

የድሮ ተማሪ ሲያሳዝን! እንቅልፍ እንዳይጥለው እግሩን በሳፋ ውሃ ነክሮ፣ በኩራዝ ጭስ እያሳለ ያጠና ነበር። የዛሬው እንቅልፍን ያለ ምንም ውሃ ድል ነስቷል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዓይኑ ፍጥጥ ብሏል። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሁለት ሰዎች ሲሰዳደቡ፣ የትኛው ብዙ ስጦታ እንደሚሰበስብ ይከታተላል። የሌሊት ፓኬጅ እርካሽ ነው። ቁጠባም ተማረ ማለት አይደል?

እናት በበሩ ሥር ብርሃን አይታ "ልጄን ጥናት ገደለው" ትላለች። ጠዋት እንቁላል ትጠብስለታለች። ይገባዋል።

ጥናቱም ቢሆን አልቀረም፤ እንዲያውም ወግ ማዕረግ አግኝቷል። አንዲት ተማሪ ስታጠና ራሷን ቀርጻ የለቀቀችውን ቪድዮ ደጋግሜ አየሁት። ጠረጴዛው ተወልውሏል። ማድመቂያዎቹ በየቀለማቸው ተሰልፈዋል። ቡናው ይጨሳል፣ ከጀርባ ፒያኖ ይንቆረቆራል፣ የፊዚክስ መጽሐፉ ገጽ 41 ላይ ተገልጧል። ቪድዮው ሲያበቃ ቡናው አልቋል። መጽሐፉ ገጽ 41 ላይ ነው። ምን ያስቸኩላል?

የቴሌግራሙ ትጋትማ አይወራ። ልጁ ያልገባበት የማትሪክ ቻናል የለም። የወጣ ፒዲኤፍ ሁሉ ይወርዳል፤ የሚከፍተው ግን የለም። ስልኩ "ሞልቻለሁ" ብሎ ሲያስቸግር ታዲያ መጀመሪያ የሚሰረዘው ሒሳብ ነው። የጭፈራ ቪድዮ እንዴት ይሰረዛል፣ ሰው አይደለን?

መምህራንም ወደ ኋላ አላሉም። ሰሌዳው ፊት ተማሪ አሰልፎ አብሮ እየጨፈረ የሚለቅ አለ። (ከደመወዙ አንጻር እኔ አልፈርድበትም።) ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ አንድ ተማሪ ሐሳቡ አንዴ ከተሰረቀ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅበት እንደሚችል ጽፏል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ሁለት ኖቲፊኬሽን ከገባ መምህሩ ቁጭ ብሎ ማረፍ ይችላል።

የልጆቻችን መንፈስ ደግሞ እንዴት እንደታደሰ! በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም የነበሩት ቪቬክ መርቲ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚቆዩ ልጆች ለድባቴና ለጭንቀት ምልክቶች የመጋለጥ ዕድላቸው እጥፍ ነው ብለው አስጠንቅቀው ነበር። የኛዎቹ 3 ሰዓቱን ከቁርስ በፊት ይጨርሱታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ምርቃት ነው።

አንዷ ፎቶ ትለቃለች። አሥር ደቂቃ ትጠብቃለች፤ 14 ላይክ። ታጠፋዋለች። ፊልተር ቀይራ፣ አገጯን ዝቅ አድርጋ እንደገና ትለቃለች። የክፍል ጓደኛዋ ከሥር የሳቅ ኢሞጂ ይጥልባታል። ማታ "እራት አላሰኘኝም" ብላ በሯን ትዘጋለች። ቤተሰቡ "ዕድሜዋ ነው" ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የቀድሞ ሠራተኛው ፍራንሲስ ሃውገን ከኢንስታግራም ባለቤት ከፌስቡክ ይዛው በወጣችው የኩባንያው ሰነድ ላይ ግን፣ በሰውነታቸው ቅር ከሚሰኙ ልጃገረዶች 32 በመቶው ኢንስታግራም ስሜታቸውን እንዳባሰባቸው መናገራቸው ሰፍሯል። ኩባንያው አጥንቶ ያውቅ ነበር። ይመስገነው፣ ቢያንስ አንድ የሚያጠና ተገኘ።

ምቀኛ ግን አይጠፋም። በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበር እያለ ጣቱን ወደ ስልክ ይቀስራል። መጽሐፍ የሌለው፣ ቤተ ሙከራው የተቆለፈ ትምህርት ቤት እያለ ሁሉን በስልክ ማላከክ ግፍ ነው። ስልክ የበላው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው።

ትምህርት ሚኒስቴርም ጨካኝ ነው። ግንቦት 2008 ፈተናው ፌስቡክ ላይ ወጥቶ መሰረዙን አልረሳም መሰለኝ፣ በ2014ቱ ፈተና ተማሪውን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ያለ ስልክ መፈተን ጀመረ። ስንት ቀን ሙሉ ያለ ስልክ! ለሰው ልጅ?

ደግነቱ የቴሌግራም ወንድሞች አልተዉትም። "የዘንድሮ መልስ እጃችን ላይ ነው" የሚል ቻናል ተከፈተ። አንዱ ጎረምሳ ለማጠናከሪያ ትምህርት የተሰጠውን ብር ላከላቸው። ብሩ ገባ፤ ልጁ ብሎክ ተደረገ። አባት ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ልጁን አልተቆጡም፤ ሌባውን ለሕዝብ ላጋልጥ ብለው የዚያኑ ዕለት ማታ ቲክቶክ ላይቭ ገቡ። ስልኩን የያዘላቸው ልጁ ነው። እጁ ንቅንቅ አላለም፤ ልምድ አለዋ!