ዕድሜ ለአጣሪ ኮሚቴ

ሰሞኑን አንድ ቃል አቀባይ ሾልኮ ስለ ወጣው የስለላ ሰነድ ተጠይቀው የሰጡትን መልስ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። «ሰነዱ ሐሰት ነው፤ መሠረተ ቢስ ወሬ ነው» አሉ። ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ «ይህን ጥብቅ ምስጢር ያወጣው ሰው የወታደሮቻችንን ሕይወት አደጋ ላይ ጥሏል፤ የገባበት ገብተን እናወጣዋለን» ብለው ጨመሩ። ጋዜጠኞቹ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። አንድም ሰው እጁን አውጥቶ «ጌታዬ፣ ውሸት ከሆነ ምኑ ነው ምስጢሩ?» አላለም። ደግ አደረጉ። በጦርነት ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ወይ የጠላት ወገን ነው፣ ወይ ደመወዙ የሰለቸው ነው።

እኔም አልጠይቅም። የዛሬው ጽሑፌ ምስጋና ነው። አንድን ወረቀት በአንድ ትንፋሽ ውሸትም ምስጢርም ማድረግ ቀላል ጥበብ አይደለም፤ ዓይንን በጨው መታጠብ ብቻውን አይበቃም፣ የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል። ከቃል አቀባዩ ኋላ ደግሞ የማይታዩት ባለሙያዎች አሉ፤ ወረቀቱ በወጣ ማግስት ተነሥተው አውጪውን የሚፈልጉት። የእነርሱ ውለታ እስከ ዛሬ በወጉ አልተነገረላቸውም።

መጀመሪያ የሚመሰገነው ፍጥነታቸው ነው። በጦርነት ውስጥ ስንቱ ነገር ይበላሻል! ስንቅ ሳይደርስ ይቀራል፤ የጦር መሣሪያ መጋዘን ነው የተባለው ሕንፃ ከተመታ በኋላ ትምህርት ቤት ሆኖ ይገኛል፤ «በሁለት ሳምንት ያልቃል» ያለው የስለላ ግምት ሁለተኛ ዓመቱን ይደፍናል። ይጣራ የሚል ሰው ቢነሣ «አሁን ጊዜው አይደለም፤ አገር ጦርነት ላይ ናት» ይባላል። ሕንፃው ትምህርት ቤት እንደ ነበር አስቀድሞ ይታወቅ ነበር የሚል ወረቀት ሲሾልክ ግን ጊዜው ወዲያው ይደርሳል። አጣሪ ኮሚቴው ጀንበር ሳትጠልቅ ይቋቋማል። ምቀኞች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ፤ አትስሟቸው። ውሻው የሚጮኸው ለጅቡ አይደለም። መንቃቱን ጌታው እንዲያይለት ነው።

ቀጥሎ የሚደነቀው የፍለጋው አቅጣጫ ነው። በአጣሪዎች ሳይንስ መሠረት ምስጢር ሁልጊዜ የሚያፈስሰው ከምድር ቤት ነው። ስለዚህ ምርመራው ከአስተርጓሚው፣ ከመዝገብ ቤት ሠራተኛዋና ኮምፒውተር ከሚጠግነው ወጣት ይጀምራል። ማን ምን አተመ ተብሎ የማተሚያው መዝገብ ይገለበጣል፤ ብዙዎቹ ባለ ቀለም የሌዘር ማተሚያዎች ማንነታቸውን የሚጠቁሙ፣ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ቢጫ ነጥቦች በየገጹ ላይ ስለሚያኖሩ እነርሱም በአጉሊ መነጽር ይመረመራሉ። ከዚያ አስተርጓሚው የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ላይ ይቀመጣል። መሣሪያው የልብ ምት፣ ትንፋሽና ላብ ይለካል፤ ደረቱ ላይ ገመድ ተጠምጥሞበት «አገርህን ከድተሃል?» ሲባል የሚያልበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልካደው ነው። ለሶቪየት ኅብረት ይሰልል የነበረው የሲአይኤ ባልደረባ አልድሪች ኤምስ በ1986 እና በ1991 በዚሁ መሣሪያ ተመርምሮ አልፏል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። የተያዘው በ1994 ነው። የመሣሪያው ክብር ግን ዛሬም እንደ ተጠበቀ ነው።

ምርመራው ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል። እዚያ «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ ከፍተኛ ባለሥልጣን» የሚባሉት ሰው ይኖራሉ። እኚህ ሰው ከየትኛውም አገር ጦርነት ጠፍተው አያውቁም። የጠላት አዛዥ ትናንት በስልክ ምን እንዳለ ለሚወዱት ጋዜጠኛ በኩራት ይነግሩታል። ጠላትም ጋዜጣ ያነባልና ስልኩን ይጥላል፤ ስንት ሰው የደከመበት ጠለፋ በአንድ ቀን ይደርቃል። ይህ ግን ማብራሪያ መስጠት ይባላል እንጂ ማሾለክ አይባልም። ሁለቱን ለመለየት የተናጋሪውን ጠረጴዛ ስፋት መለካት ይበቃል። ጠረጴዛው ጠበብ ያለ ሁሉ አሾላኪ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንግዲህ እንደዚህ ነው፤ ዳውላው ደግሞ እስር ቤት ይገባል።

ስለዚህ ሙያ በተነሣ ቁጥር ሳልናገረው የማላልፈው አንድ ታሪክ አለ። በጁን 1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ሚድዌይ አጠገብ የጃፓንን መርከቦች አድፍጦ ጠብቆ አራት የአውሮፕላን ተሸካሚዎችን አሰጠመ። ማድፈጥ የቻለው የጃፓን ባሕር ኃይል የሚላላክበትን የምስጢር ኮድ ባለሙያዎቹ በከፊል ፈትተውት ስለ ነበር ነው። ከዚህ የበለጠ ሊጠበቅ የሚገባው ምስጢር በዚያ ዓመት አልነበረም። ጁን 7 ቀን ቺካጎ ትሪቢዩን ባሕር ኃይሉ የጃፓንን ዕቅድ አስቀድሞ ያውቅ እንደ ነበር የሚናገር ዜና ይዞ ወጣ። የጠላትን መርከቦች ስምና አሰላለፍ ሳይቀር ዘረዘረ። ቺካጎ ተጽፎ ሳለ ከዋሽንግተን የመጣ አስመስሎ ነበር ያተመው። ዘጋቢው በኮራል ባሕር ውጊያ ከሰጠመችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ፣ ከሌክሲንግተን፣ ከተረፉት አንዱ ነበረ፤ ወደ አገር ቤት በሚመለስባት መርከብ ላይ ለመኮንኖች ብቻ የተላከ መልእክት ዓይኑ ገብቶ ነበር። ስለ ኮድ ግን ጽሑፉ አንድ ቃል አልተናገረም።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። ጃፓን ያንን ጋዜጣ አንብባ ይሆናል፣ ላታነብም ትችላለች፤ ጩኸት ከተነሣ ግን ማንበቧ አይቀርም። አጣሪ ግን ዝም አይልም! በኦገስት መንግሥት ነገሩን ከዜጎች የተውጣጣ የዳኞች ጉባኤ እንደሚመረምረው በአደባባይ አስታወቀ። አገሩ ሁሉ «በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ምን ቢኖር ነው?» ብሎ የቆየውን ጋዜጣ ፈልጎ ማንበብ ጀመረ። ጋዜጣውም ተከላከለ፦ የጦርነቱ ጊዜ የሳንሱር ደንብ የወገንን መርከቦች እንቅስቃሴ አትጻፉ ይላል እንጂ ስለ ጠላት መርከቦች የሚለው ነገር የለም አለ። እውነትም የለም ነበር፤ ደንቡ የተስተካከለው በኋላ ነው። በመጨረሻ ዳኞቹ ተሰበሰቡ። ጽሑፉ አገር እንደ ጎዳ ለማሳመን ኮዱ መፈታቱን መንገር ያስፈልግ ነበር። ባሕር ኃይሉ አልናገርም አለ። ታዲያ ዳኞቹ ምን ያድርጉ? ማንንም ሳይከስሱ ኦገስት 19 ቀን ተበተኑ።

አላለቀም። ከቀናት በኋላ አንድ የምክር ቤት አባል በጋዜጣው ላይ እጅግ ተቆጥተው በምክር ቤቱ ውስጥ ቆሙና፣ ባሕር ኃይላችን የጃፓንን የምስጢር ኮድ ፈትቶ ነበር፣ ጋዜጣው ይህን አጋለጠ ብለው ተናገሩ። በአደባባይ! ጋዜጣው ያላወጣውን ምስጢር ጋዜጣውን ያወገዙት ሰው አወጡት። ነገሩን ማስረዘሜ ይታወቀኛል፤ አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልተወው። ዳኞቹ ፊት የተሰጠው የምስክርነት ቃል ታሽጎ ተቀመጠ፤ ጦርነቱ አለቀ፣ ጃፓን ወዳጅ ሆነች፣ የኮዱ ታሪክ በየመጽሐፉ ተጻፈ፣ ምስክሮቹም ሞቱ። መዝገቡ ይከፈት ብሎ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የወሰነው በ2016 ነው። ሰባ አራት ዓመት! ከዚያ ሁሉ ትርምስ በትክክል የተጠበቀው ምስጢር የምርመራው ዶሴ ብቻ ሆነ።

አሁን ሽሙጤን ለአፍታ ላስቀምጠው። በ1943 ከጦር ግንባር ጉብኝት የተመለሰ አንድ ሌላ የምክር ቤት አባል ጋዜጠኞችን ሰብስቦ፣ የጃፓን ፀረ ሰርጓጅ ቦምቦች ጥልቀት ሳይደርሱ ስለሚፈነዱ ሰርጓጅ መርከቦቻችን ያመልጣሉ ብሎ ተናገረ። ጋዜጦች ጻፉት። የፓስፊክ ሰርጓጅ መርከቦች አዛዥ የነበሩት አድሚራል ቻርልስ ሎክዉድ ይህ ንግግር አሥር መርከቦችና 800 ሰዎች እንዳስከፈለ ገምተዋል። ግምቱን የሚጠራጠሩ አሉ። ግማሹም ቢሆን፣ ሩቡም ቢሆን፣ አየር አጥተው በጨለማ ውኃ ውስጥ የቀሩ ልጆች ናቸው። ሰውየው ለዚህ ንግግሩ ፍርድ ቤት አልቆመም። እንግዲህ የሾለከ ምስጢር አይገድልም የሚለኝ ሰው ካለ አልሰማውም፤ ይገድላል። የሚያናድደኝ ይህንን እውነት የራሳቸውን ጥፋት መሸፈኛ የሚያደርጉት ናቸው። ጠላት ቦምቡ የት እንደ ወደቀ ያውቃል፤ የወደቀው በእርሱ ላይ ነው። ጥቃቱ መክሸፉንም ያውቃል፤ ያከሸፈው እርሱ ነው። የማያውቀው ልጁን የላከው አባት ብቻ ነው። ከእርሱ ነው የተደበቀው። ከዚያም እውነቱን የነገረውን ሰው «ልጅህን ሊያስገድል ነበር» ብለው ለዚያው አባት ይነግሩታል። ነውር አያውቁም!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት የሠራ አንድ ደስ የሚል ሥርዓት ነበር። ምስጢሬ ሾለከ የሚል የስለላ ድርጅት ለፍትሕ ሚኒስቴር አሥራ አንድ ጥያቄዎችን መመለስ ነበረበት። የወጣው መረጃ ትክክለኛ ነው? ምስጢር የተባለው በአግባቡ ነው? ከዚህ በፊት መንግሥት ራሱ በይፋ አውጥቶት ያውቃል? ለስንት ሰው ተሠራጭቶ ነበር? የመጀመሪያውን ልብ በሉልኝ። ቃል አቀባያችን እዚያ ቢሆኑ ኖሮ ጠዋት በቴሌቪዥን «ሐሰት ነው» ያሉትን ሰነድ መሥሪያ ቤታቸው ከሰዓት በኋላ «ትክክለኛ ነው» ብሎ ለዐቃቤ ሕግ መጻፍ ሊኖርበት ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሰው ያስጨንቃል፤ ያላወቁት አገሮች ታድለዋል። በዚያው አገር የ2009 የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ደግሞ ሕግ መጣስን ለመደበቅ ወይም ኀፍረትን ለመሸሽ ሲባል ወረቀት ምስጢር ሊባል አይችልም ይላል። ይህ አንቀጽ በቁም ነገር ቢያዝ በየአገሩ ስንት ካዝና ባዶውን በቀረ!

በ1971 የቬትናም ጦርነትን የሚመለከተው፣ የፔንታጎን ሰነዶች የተባለው 7,000 ገጽ ያህል ጥናት እንዳይታተም መንግሥትን ወክለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከራከሩት ኧርዊን ግሪስዎልድ ነበሩ። በ1989 ራሳቸው በጋዜጣ ጽፈው፣ ከኅትመቱ የተነሣ በአገር ደኅንነት ላይ የመጣ አደጋ ምልክት እንኳ እንዳላዩ፣ የምስጢር ማኅተም የሚመቱ ሰዎች ዋና ጭንቀትም የመንግሥት ኀፍረት እንጂ የአገር ደኅንነት እንዳልሆነ መሰከሩ። እሳቸውስ አሉት። ሰነዱን ባወጣው በዳንኤል ኤልስበርግ ላይ የተመሠረተው ክስ በበኩሉ በ1973 ተሰረዘ፤ ሹልክታ እንዲደፍን በቤተ መንግሥቱ የተቋቋመው ቡድን የሰውየውን ሐኪም ቢሮ ሰብሮ መግባቱና ሌላም ሕገ ወጥ ሥራ ስለ ተገለጠ። ምስጢር ጠባቂዎቹ ራሳቸው ምስጢር ሆነው መቆየት አልቻሉም።

የእኛ ቃል አቀባይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይገጥማቸውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ጦርነቱ ሲያልቅ ጡረታ ይወጣሉ፤ ከዚያም እንደ ወጉ ትዝታቸውን ይጽፋሉ። ያ ሐሰተኛና ጥብቅ ምስጢር የሆነ ሰነድ በምዕራፍ ሰባት ሙሉውን ይታተማል፤ ከሥሩም «ይህን ሰነድ በጊዜው አንብቤ እጅግ አዝኜ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር ይኖራል። እኔ በምረቃው ዕለት ተሰልፌ አስፈርማለሁ። አስተርጓሚውም ያነበው ይሆናል፤ የእስር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ካስገባው።