«አለ አሉ» የሚባለው የበረዶ ሜዳ

ኅዳር ሲገባ፣ ከኮሎራዶዋ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ሀቫና ጎዳና አካባቢ ባሉት የሐበሻ ካፌዎች አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «ዘንድሮ ለበዓል ስኖውሞቢል የት ነው የምንነዳው?» ጠያቂው አንድ፣ መላሹ አምስት። ከአምስቱ አራቱ ስኖውሞቢል፣ ያን በረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር፣ ነድተው አያውቁም። አምስተኛው ላዩ ላይ ተቀምጧል፣ ያውም ሞተሩ ጠፍቶ፣ ለፎቶ። መልሱ ግን አይዘገይም። «ከአይዘንሃወር ዋሻ ወዲያ አንድ ሜዳ አለ አሉ። በነጻ ነው አሉ። ዞር በል የሚል የለም አሉ።» እኛ ዘንድ ሦስት «አሉ» ያለበት መረጃ የተረጋገጠ ነው፤ ወሬ የሚባለው አንድ «አሉ» ብቻ ሲሆን ነው።

ካርታ መመልከት ደግሞ ነውር ቢጤ ነው። ሰው ተቀምጦ ወረቀት ይጠየቃል? የአሜሪካ የደን አገልግሎት በበረዶ ወራት ሞተር የት እንደሚፈቀድና የት እንደማይፈቀድ በቀለም የለየበትን ካርታ በነጻ ያወጣል። ስልክ ላይ ይጫናል፣ ኔትወርክ በሌለበት ተራራም ይሠራል። ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ጋሼ «እኔ አውቀዋለሁ» ካሉ ካርታ መክፈት ጋሼን መድፈር ነው።

«ተራራው ያው የሁሉም አይደል?» የሚልም አይጠፋም። አይደለም። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ሲወጡ የሚታየው ነጭ ነገር ሁሉ ከሩቅ አንድ ይመስላል እንጂ እንደ ርስት የተሸነሸነ ነው። ከፊሉ ብሔራዊ ደን ነው፤ ስኖውሞቢል በብዛት የሚነዳው እዚያ፣ በተፈቀደው ክፍል ነው። ከፊሉ በ1964 በወጣ ሕግ ዱር ሆኖ እንዲቀር የተከለለ ነው፤ እንኳን ሞተር፣ ፔዳል የሚረገጥበት ብስክሌትም አይገባበትም። ከፊሉ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከፊሉ ደግሞ የአንድ ከብት አርቢ የግል ግጦሽ ነው፤ አጥሩ በረዶ ስለተጫነው አይታይም፣ ባለቤቱ ግን ይታያል። የአጥሩ ሽቦም ቢሆን ስኪውን፣ ማለትም የማሽኑን የፊት መንሸራተቻ፣ ሲይዘው ይታያል፤ ያኔ ግን ነጂው አየር ላይ ነው።

ለጀማሪ የሚሻለው ግራንድ ሌክ ነው። ከዴንቨር 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአይ-70 አውራ ጎዳና ወጥቶ፣ ኢምፓየር ላይ ወደ ሀይዌይ 40 ታጥፎ፣ 3,446 ሜትር ከፍታ ያለውን የተራራ መሻገሪያ፣ ቤርትሁድ ፓስን፣ ተሻግሮ፣ ግራንቢ ላይ ሀይዌይ 34ን መያዝ ነው። ልብ በሉ፤ መታጠፊያው ከአይዘንሃወር ዋሻ በፊት ነው። ዋሻውን ካያችሁ አልፋችሁታል። ከተማዋ ራሷን የኮሎራዶ የስኖውሞቢል ዋና ከተማ ብላ ትጠራለች፤ ስኖውሞቢል በከተማው መንገድ እየነዱ ነዳጅ ቀድቶ ወደ ደኑ መግባት ይቻላል። ይህን ነፃነት ያየ ወገን ታዲያ ከልክ በላይ ይዝናናል። ከተማዋ የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤት ናት፤ በፓርኩ ውስጥ ደግሞ ከአንዲት አጭር መሸጋገሪያ መንገድ በቀር ስኖውሞቢል ክልክል ነው። «ትንሽ ገባ ብለን ፎቶ እንነሣ» የሚባለው ትንሽ፣ ሕግ መጣስ ነው።

ከዋሻው ወዲያ ያለው ቬይል ፓስ ነው፤ የአይ-70 መውጫ 190። ያ «በነጻ ነው አሉ» የተባለው ሜዳ ምናልባት እሱ ይሆናል። በነጻ አይደለም፤ በበረዶው ወራት በነፍስ ወከፍ ይከፈላል። የመኪና ማቆሚያው በጠዋት ይሞላል፤ ሜዳውም ለሞተረኛና ለስኪ ተጓዥ ተከፋፍሏል። ግራንድ ሜሳ ጥሩ ነው፣ አናቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ለናዳ የሚያሰጋ ቁልቁለት እንደ ሌላው አይበዛበትም። ግን ግራንድ ጀንክሽን አጠገብ ነው፤ ከዴንቨር አራት ሰዓት ያለፈ መንገድ ሕፃናት ይዞ መሄድ ሌላ ወግ ይወጣዋል። ራቢት ኢርስ ፓስ ደግሞ ስቲምቦት ስፕሪንግስ ሳይደርሱ ሀይዌይ 40 ላይ ነው፤ በረዶው ወፍራም፣ ቦታው ሰፊ። በስተ ምሥራቅ ያለው ክፍል ለሞተር ተፈቅዷል፤ በስተ ምዕራብ ያለው ለስኪና ለእግረኛ ብቻ ነው። ይህቺን ያዙልኝ።

ቀኑስ? ፈረንጅ ከገናው እስከ አዲስ ዓመቱ ባለው ሳምንት ተራራውን ይወርሰዋል። አከራዮቹ ከሳምንታት በፊት ተይዘው ያልቃሉ፤ ዋጋውም እንደ በዓል ዶሮ ነው። ያ ሳምንት ለእኛ ምእመናን የነቢያት ጾም ነው። ተራራ ላይ ያለው ምግብ ቤት ከበርገር በቀር የሚያውቀው ጥብስ ድንች ነው፤ ስለዚህ ስድስት ሰው ድንች እየበላ ባለ አምስት ኮከብ ዋጋ ይከፍላል። እግዚአብሔር ግን ለሐበሻ የራሱን ገና ሰጥቶታል፤ ታኅሣሥ 29፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 7። ያን ጊዜ ፈረንጁ ሥራ ገብቷል፣ አብዛኛውን ጊዜም በረዶው ከዲሴምበሩ ይልቅ ተከምሯል፣ ጾሙም ተፈቷል። ይህን ያህል የተመቻቸ በዓል ይዘን በነሱ ገና የምንጋፋበት ምክንያት እስካሁን አልተገኘም። ከጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞና ከፌብሩዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ግን ራቁ፤ ሁለቱም ረጅም የዕረፍት ቀናት ስለሆኑ መንገዱ ይቆማል።

መንገዱን ካነሣን፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ተራራ፣ እሑድ ከሰዓት ወደ ዴንቨር፣ አይ-70 የቆመ ሰልፍ ነው። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ላይ የጎማ ሕግ አለ፤ የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆን አለበት፤ ከዚያም መኪናው ወይ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ወይ ለበረዶ የሚሆን ጎማ ያሰረ፣ ወይ ሰንሰለት የያዘ መሆን አለበት። «ቶዮታ ነው፣ ምንም አይነካውም» ሕጉ ውስጥ የለም።

አከራዩ 8፡30 ብሎ የያዘው ቀጠሮ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱም ይላል። ይህ ማለት ከኦሮራ ሌሊት 11 ሰዓት መነሣት ነው። ግሩፑ ላይ «8፡30» ብሎ ብቻ የለጠፈ ሰው፣ ከመካከላችን ቢያንስ አንዱ ከምሳ በኋላ ሲዘጋጅ ያገኘዋል። አስጎብኚው እስከ 2 ሰዓት ከ35 ይጠብቃል፤ «ደርሰናል» የሚል ስልክ ከአልጋ ላይ ቢደወልለትም አይገባውም። ብሩም አይመለስም።

የደረሰው ፎርም ይፈርማል። ማንም አያነበውም፤ ቁም ነገሩ ግን አንድ መስመር ነው፤ የሰበረ ይከፍላል። ክሬዲት ካርድ ላይ መያዣ ይያዛል። ስለዚህ ከመነዳቱ በፊት ማሽኑን ዞሮ በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ነው፤ ኮፈኑን፣ ሁለቱን ስኪ፣ መስታወቱን፣ ፊት ያለውን መከላከያ። ብዙ ሰው ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ግን ራሱን ነው።

ከዚያ «አልነሣ አለ» ይባላል። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ቀይዋ የማጥፊያ ቁልፍ ተጭና ነው፣ ወይም ከጃኬት ጋር የሚያያዘው ገመድ ቦታው አልገባም። ያ ገመድ ጌጥ አይደለም፤ ነጂው ሲወድቅ ተመዞ ሞተሩን ያጠፋል። ነዳጅ መስጫው በቀኝ እጅ አውራ ጣት የሚገፋ ነው፣ ፍሬኑ በግራ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የደነገጠ ሰው ያገኘውን ጨብጦ ይይዛል፤ መሪውን ሲጨብጥ አውራ ጣቱም አብሮ ይጫናል፣ ማሽኑ ይፈተለካል፣ እሱ የበለጠ ይጨብጣል። የጥዱን ግንድ የሚያገኙት እንዲህ ነው። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ስትደነግጥ እጅህን ክፈት። ማሽኑ ሲጋደም ደግሞ እግር አውጥቶ መደገፍ የለም፤ 200 ኪሎ ያለፈ ብረት እግርህን አይቶ አይራራም።

አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን፣ ተራራው ላይ እንደ ጥጥ የተከመረውንም «በረዶ» ብሎ ይገላገላል። ማሽኑ ግን ይለያል። ብዙዎቹ ስኖውሞቢሎች እንደ መኪና ነፋስ የሚያበርደው ራዲያተር የላቸውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው፣ ከሥር የሚሽከረከረው የጎማ ትራክ ወደ ላይ እየረጨ ማቀዝቀዣው ላይ የሚያሳርፈው ልል በረዶ ነው። ትራኩ የሚሄድባቸው የፕላስቲክ ሐዲዶችም የሚለሰልሱት በዚሁ ነው። መንገዱ እንደ መስታወት የጠጠረ ቀን የሚረጭ ነገር የለም፤ የሙቀት መብራት ይበራል፣ ፕላስቲኩ መቅለጥ ይጀምራል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሆኖ ሞተሩ «ሞቀኝ» ሲል ሰው ይስቃል፤ የሐዲዱን ዋጋ እስኪሰማ ድረስ። መፍትሔው ከጠጣሩ መንገድ ወጣ ብሎ ዳር ዳሩን ልል በረዶ ላይ ጥቂት መንዳት ነው፤ ማሽኑ መንገዱን የሚቧጥጡ የሽቦ መጫሪያዎች ካሉትም እነሱን ማውረድ።

«እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ከፍታ አይበግረንም» የሚለው ፉከራ ደግሞ ለሳንባ ይሠራ ይሆናል፤ ሞተሩ ግን ደብረ ብርሃን አልተወለደም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። 3,000 ሜትር ላይ ሲደርስ ከጉልበቱ ሲሦ ገደማውን አጥቷል። ባልና ሚስት ከነልጃቸውና ከነምሳ ሣጥናቸው አንድ ማሽን ላይ ተጭነው ዳገቱን እምቢ ሲላቸው «አሮጌ ሰጡን» ይላሉ። ሌላው ተጎጂ የሞተሩን ጉልበት ወደ ትራኩ የሚያደርሰው ቺንጋ ነው። በብርድ ያደረ ቺንጋ ሳይሞቅ ሙሉ ጋዝ ከተሰጠው፣ ወይም ማሽኑ ተቀብሮ ትራኩ ባዶውን ከተፈተለ፣ ግሎ ይበጠሳል። ተጠባባቂ ቺንጋ ኮፈኑ ሥር መኖሩን ሳያዩ መነሣት የለም። ነዳጅም ሦስት እኩል ይከፈላል፤ አንድ እጁ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለስሕተት። በአገራችን ልምድ ሦስቱም ለመሄጃ ነው።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም፤ ጋቢ ግን ቤት ይቅር። ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይዝም፣ ጂንስም ያው ነው፤ ጫፉ የተንጠለጠለ ልብስ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር ይጎትተዋል። ምሳ ላይ ያለን ብልጫ አይካድም፤ እንጀራ በወጥ ብርዱ ላይ ድንጋይ ይሆናል፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን በማንኛውም ብርድ ቆሎ ነው። ስልክ በውስጥ ኪስ፤ ባትሪው በብርድ ቶሎ ይሞታል።

አሁን ወደ ደቦ። ልል በረዶ ውስጥ የተቀበረ ማሽን ጋዝ በተጨመረለት ቁጥር የራሱን መቃብር ይቆፍራል። ጋዙን መተው፣ ከስኪዎቹ ፊት ያለውን በረዶ መጥረግ፣ ማሽኑን በጎን ገልብጦ ትራኩ የቆፈረውን ጉድጓድ መሙላትና መርገጥ፣ መመለስ፣ ከዚያ አንዱ በዝግታ ጋዝ ሲሰጥ ሁለቱ ስኪዎቹን መጎተት። ሜዳ ላይ ይህን ከሐበሻ የተሻለ የሚሠራ የለም፤ ስምንት ሰው ይሰበሰባል፣ አንዱ ይጎትታል፣ ሰባቱ «ሆ!» ይላሉ።

ቁልቁለት ላይ ግን ደቦ ይገድላል። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል ተዳፋት ለናዳ የተመቸው ነው። አንዱ ጉብዝናውን ሊያሳይ ሽቅብ ወጥቶ መሀል ላይ ይቀበራል፤ ይሉኝታ የያዛቸው አራት ጓደኞቹ «ብቻውን እንዴት እንተወዋለን» ብለው ይከተሉታል። የአምስት ማሽን ክብደት አንድ ተዳፋት ላይ! ደንቡ አንድ በአንድ ነው፤ የተቀበረው ብቻውን ይታገል፣ ሌሎቹ ናዳው የማይደርስበት ቦታ ቆመው ይዩት። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በወቅቱ በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ያወጣል፤ 3 ሲል መካከለኛ ውጤት አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሞተው ደረጃው 3 በሆነ ቀን ነው። እያንዳንዱ ሰው የናዳ ቢከን (የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም ምልክት ላኪና ተቀባይ)፣ በረዶውን እየወጉ የሚፈልጉበት ዘንግና አካፋ ይይዛል፤ በጀርባው፣ ማሽኑ ላይ ታስሮ አይደለም። የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች በኋላ ያሽቆለቁላል። ስልክ ከቢከኑ 20 ሳንቲ ሜትር፣ የተቀበረ ሰው ሲፈለግ ደግሞ 50 መራቅ አለበት፤ ቀጥታ ቲክቶክ ላይ ያለ ወንድም ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። ከአስጎብኚ ጋር በተደለደለ መንገድ የሚሄድ ጀማሪ መንገዱ የሚመረጥለት ከዚህ እንዲርቅ ነው፤ «ፍርሃት ነው» ብሎ ከሰልፉ የሚወጣው ሁልጊዜ የኛው ነው።

እሑድ ማታ፣ ዋሻው ላይ ሁለት ሰዓት ተሰልፎ የተመለሰው ሁሉ ሰኞ ካፌ ይገናኛል። ያ ቀጠሮው ያመለጠው፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ማቆሚያው ላይ ሻይ ሲጠጣ የዋለው ወንድም መሀል ይቀመጣል። አንድ አዲስ መጤ ቦታውን ይጠይቀዋል። ካርታ አያወጣም፤ በማኪያቶ ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ ይሥልለታል።

«ሀይዌይ 40ን ይዘህ ራቢት ኢርስን ትወጣለህ። መጀመሪያ የምታገኘው ማቆሚያ በስኖውሞቢል የተጨናነቀ ነው፣ እሱን እለፈው። እስከ ምዕራቡ ጫፍ ሂድ። ስኪ ያደረጉ፣ ዝም ብለው የሚሄዱ ፈረንጆች ታያለህ፤ አንድም ሞተር የለም፣ ጸጥ ያለ ነው። ምርጡ ቦታ እሱ ነው አሉ።»