ግምት ይቅደም፣ ስልኩ ይከተል

በሰሜን ሸዋ ስለ ትምህርት ጥራት ወሬ ሲነሳ መጨረሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። "ኮምፒውተር ቢገባልን" ይባላል። ወላጁም፣ ርዕሰ መምህሩም፣ ወረዳውም ይህንኑ ይላል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ኮምፒውተር ቢገባ ደስ ይለኛል። ግን ዕቃው ስለገባ ብቻ ምን እንደሚሆን ከዚህ በፊት አይተነዋል።

ፕላዝማን አስታውሱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ስክሪን ተሰቀለ፤ ትምህርቱም በሳተላይት መጣ። የፕላዝማው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል። ተማሪው ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ ስክሪኑ ወደሚቀጥለው አልፏል። የክፍሉ መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሀሉን ቆሞ ያያል። መብራት ከጠፋማ ክፍለ ጊዜውም አብሮ ጠፋ። ብዙ ሰው ፕላዝማን በእንግሊዝኛው ፍጥነት ያማዋል። እኔ የማማው ቀድሞ በመመለሱ ነው። ልጁ እንዲያስብ ፋታ አልሰጠውም።

ዛሬ ያው ችግር ኪስ ውስጥ ገብቷል። ተማሪው የቤት ሥራውን ፎቶ ያነሳል፣ ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይልካል፣ ደረጃ በደረጃ የተሠራውን ይገለብጣል። ደብተሩ ሲያዩት ያምራል። ሰሌዳ ላይ ውጣ ሲሉት ግን ጠመኔውን ይዞ ይቆማል። መከልከል ብዙም አይጠቅምም፤ ቤቱ ድረስ ተከትሎ የሚከለክል የለም።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። በሒሳብ ክፍል ውስጥ የትኛውም መሣሪያ ከተማሪው ግምት በኋላ ይምጣ። መጀመሪያ ይገምት፣ ግምቱን በእስክሪብቶ ይጻፍ፣ ከዚያ ስልኩ ይነካ።

ምሳሌውን ከራሳችን መንገድ ልውሰድ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሸዋሮቢት ወደ 1,300 ሜትር። በመካከላቸው 95 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት አለ። ልጆቹን "አግድሙን ርቀት፣ ቋሚውን ከፍታ አድርጋችሁ የመንገዱን ግራፍ ሣሉ" በሏቸው። አብዛኞቹ ከላይ ወደ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራሉ። ስሎፑንም ያወጡታል፤ 1,500 ሜትር ለ95 ሲካፈል በኪሎ ሜትር 16 ሜትር ያህል ቁልቁለት። ስሌቱ ልክ ነው። በመሀል ያለውን ጣርማበርን በሚኒባስ የወረደ ሰው ግን ይስቃል። መንገዱ መጀመሪያ ይወጣል እንጂ መች ይወርዳል! ጣርማበር ከደብረ ብርሃን በከፍታ ይበልጣል። ጉድ የሚፈላው ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲታጠፍ ነው፤ ጆሮም የሚደፈነው እዚያ ነው።

ደብረ ሲና ዘመድ ያለው ልጅ እዚህ ላይ እጁን ያወጣል፣ ክርክር ይነሳል። ስልክ የሚያስፈልገው አሁን ነው። ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በዚያ መንገድ የሚያልፍ አንድ መምህር በየከተማው ከፍታውን መዝግቦ ይምጣ። ቁጥሩ ኤክሴል ላይ ይግባ፣ የሚወጣው ግራፍ ልጆቹ ከሣሉት ጎን ይቀመጥ። አማካይ ስሎፕ እና የአንድ ቦታ ስሎፕ የሚለያዩት ለምን እንደሆነ በዓይናቸው ያዩታል። 12ኛ ክፍል ካልኩለስ ላይ ልጆቹን የሚያስጨንቃቸው ይኸው ሐሳብ ነው። ደግሞ የስልክ ከፍታ ይሳሳታል፤ ሁለት ስልክ እዚያው ቆሞ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። ስለ ስታትስቲክስ ለማውራት ከዚህ የተሻለ ሰበብ አላውቅም።

ያው መንገድ ሙቀትንም ያስተምራል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 10 ዲግሪ ልዩነት ይጠበቃል። ደብረ ብርሃን ጋቢ ደርቦ የተሳፈረው ሰውዬ ሸዋሮቢት ላይ የሚያወልቀው ለዚህ ነው። ይህ የቀጥታ መስመር ቀመር ነው፤ መጽሐፉ ላይ ግን ያለ ጋቢ፣ ያለ ሸዋሮቢት ይመጣል።

ለግራፍ ጂኦጀብራ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በኦስትሪያ፣ በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ሆኖ የተጀመረ ነው። አንዴ ከተጫነ ዳታ አይጠይቅም። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ላየን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያለ ኔትወርክ የማይሠራ ነገር ላይ የክፍል ዕቅድ ማንጠልጠል እኛ አገር አያዋጣም።

"60 ተማሪ፣ አንድ የመምህር ስልክ፣ እንዴት ይሆናል?" የሚል ይኖራል። ይሆናል፣ ግን ጫጫታ አለው። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ስሙ ለስብሰባ ብቻ ቢቀርም እዚህ ላይ ይጠቅማል። እያንዳንዱ ቡድን "ስሎፑ ከዜሮ በታች ቢሆን መስመሩ ወዴት ይዞራል?" ለሚለው መልሱን በወረቀት ይጽፋል። መምህሩ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ያንሸራትትና በየቡድኑ እየዞረ ያሳያል። የገመተ ልጅ ስክሪኑን የሚያየው በጉጉት ነው። ኤአይንም በዚሁ መንገድ መግራት ይቻላል። መልሱን ያምጡት፤ ግን ያገኙትን ቁጥር ወደ እኩልታው መልሰው ተክተው ልክ መሆኑን ክፍል ውስጥ ያሳዩ።

ጉዳዩ የሚቸኩልም ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ያም ቢሆን ከአሥር ልጅ ዘጠኙ ቀርቷል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር ይሰጣል። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ የሒሳብ ጥያቄ ከስክሪን እያነበበ ይፈተናል ማለት ነው።

ሥልጠናውስ? ተሙማ (የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) አለን፣ ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኝ የጉድኝት ማዕከል አለን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲውም የመምህራን ኮሌጁም አለ። ግን "መሠረታዊ ኮምፒውተር" የሚባለው ሥልጠና ለሒሳብ መምህር ብዙ አይረዳውም። ፎልደር መክፈት ተምሮ ይመለሳል። አንድ ምዕራፍ ተይዞ፣ በአንድ ስልክ፣ ከእውነተኛ ተማሪዎች ጋር ተሠርቶ ቢታይ ይሻላል። የተሙማ ሰነዱ ትንሽ ቢቀጥንም ግድ የለም።

ትልቁ ተቃውሞ "ምዕራፍ አይሸፈንም" የሚለው ነው፤ እውነትም አለው። ስለዚህ የሚቀነስ ነገር ይኑር። አሁን ስድስት ፓራቦላ በሰንጠረዥ ነጥብ እያወጣን በእጅ እንሥላለን። አንዱ በእጅ ይሣል፣ አምስቱ ተገምተው በስልክ ይታዩ። የተረፈው ደቂቃ ለክርክሩ ይዋል። ከተከታታይ ምዘናው አሥር ነጥብ ውስጥ ሦስቱ ለግምቱና ለምክንያቱ ይሁን፤ ግምቱ ቢስትም ምክንያቱ የሚያስኬድ ከሆነ ይሰጠው። ይህን ለመጀመር የወረዳ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። የሒሳብ ዲፓርትመንት በአንድ ስብሰባ ሊወስነው ይችላል።