ማስተካከያ፦ በጣሊያን ዘመን ወደ ደሴ የገባ የባቡር ሐዲድ አልነበረም

በቅርቡ ባቀረብኩት ጽሑፍ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገት ላይ የሚታዩት የድንጋይ ግንቦች ጣሊያኖች ግንድ ለማመላለስ ዘርግተውት በኋላ የተተወ የባቡር ቅርንጫፍ ቅሪት ናቸው ብዬ ነበር። ይህ ስሕተት ነው፤ አንባቢዎችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የዘመኑን የባቡር ካርታዎችና የመንገድ ሥራ ታሪክ ጥናቶችን እንዳየሁት፣ በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በአካባቢያችን የተሠራው የመኪና መንገድ ሲሆን፣ በጊዜው በኢትዮጵያና በኤርትራ የነበሩት ዋና የባቡር መስመሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር፣ ሁለተኛው ከምጽዋ በአስመራ አድርጎ አቆርዳትን አልፎ ቢሻ ከተባለው ቦታ የሚደርሰው። ሁለቱም ወሎን አይነኩም።

ስለዚህ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር «የድሮውን ሐዲድ ተከትሎ ነው የተሠራው» ያልኩትም መሠረት የለውም። ይህ መስመር እ.ኤ.አ. በ2015 ግንባታው የተጀመረ፣ የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ የሠራው አዲስ ሥራ ነው።

ግንቦቹ ግን የመንገድ ሥራ ናቸው ማለት ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም፤ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል በሚወርድ ገደል ላይ መንገድ ደግፎ ማቆም ቀላል ሥራ አልነበረም። የቀድሞውን ጽሑፍ ለትምህርት ቤት ሥራ የወሰዳችሁ ተማሪዎች፣ እባካችሁ «ሐዲድ» ያልኩትን «የመኪና መንገድ» ብላችሁ አርሙልኝ።