ጠቦቱ ለፋሲካ ከተሸጠ ሶፍትዌሩ ምን ይመዘግባል?

ሶፍትዌር የሚያዝ መሥሪያ ቤት፣ ደብረ ብርሃንም ይሁን ሌላ ከተማ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው የገጾችና የቁልፎች ዝርዝር ነው፤ መመዝገቢያ፣ መፈለጊያ፣ ሪፖርት ማተሚያ። ለምን እንደተፈለገ የሚናገረው ክፍል «ዘመናዊ አሠራር ለመዘርጋት» በሚል አንድ ሐረግ ይታለፋል። አካሄዱ የተገለበጠ ነው ባይ ነኝ።

ከግብ ተነሥቶ ሥርዓትን መንደፍ የቆየ ዕውቀት ነው። የሶፍትዌር ተመራማሪው አክሰል ቫን ላምስቬርደና ባልደረቦቹ ካኦስ የተባለውን ዘዴ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኤሪክ ዩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ ማን ለግቡ የማንን እጅ እንደሚጠብቅ በሥዕል የሚያሳየውን አይ ስታር የተባለ ዘዴ አስተዋወቀ።

መንዝን እንውሰድ። ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ለእርባታ የሚሆኑ አውራ በጎችን የሚመርጡበት ፕሮግራም እዚያ አለ። ለዚህ ሥራ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ይታዘዝ ቢባል፣ ዋናው ግብ የመንጋው መሻሻል ነው። እንዴት? የጠቦቱ ክብደት በትክክል ይመዝገብ፤ እናትና አባቱ ይታወቁ፤ የተመረጠው አውራ ለእርባታ መንደሩ ውስጥ ይቆይ። ሦስተኛውን የትኛውም ሶፍትዌር አያሟላውም። ለፋሲካ ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ወደ ገበያ የሚነዳው የደለበውን ጠቦት ነው፤ መዝገቡ ሊመርጠው የነበረውን ማለት ነው። በካኦስ ለሶፍትዌሩ የተሰጠ ግብና ለሰው የተሰጠ ግብ ተለይተው ይጻፋሉ። እዚህ ላይ አውራውን ቀድሞ የሚገዛ ማኅበር በስም ካልተቀመጠ፣ ሶፍትዌሩ የተበላ በግ ክብደት በታማኝነት ሲያሰላ ይኖራል።

አርክቴክቸሩም፣ ማለትም የሶፍትዌሩ አወቃቀር፣ ከዚሁ ይወጣል። መዝጋቢው ኔትወርክ በማይደርስበት መንደር የሚመዝን ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። መረጃው ሁሉ ማዕከላዊ ሰርቨር ላይ ብቻ ቢቀመጥ አንድ ወጥ ቅጂ ይኖራል፤ ነገር ግን መዝጋቢው መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጽፎ ኋላ ይገለብጣል፣ ስህተትም ይገባል። ስልኩ ላይ ተቀምጦ ኔትወርክ ሲገኝ ቢላክ የዕለቱ ክብደት በዕለቱ ይያዛል፤ ሁለት ሰዎች የአንዱን በግ መዝገብ በየፊናቸው ቢያርሙት ግን ማስታረቂያ ደንብ ያስፈልጋል። ግቦቹን በሥዕል የሚያስቀምጠው ሞዴል የትኛው አማራጭ የትኛውን ግብ እንደሚረዳና እንደሚጎዳ ጎን ለጎን ያሳያል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የመረጥኩበት ምክንያት እዚያው ሥዕሉ ላይ ስለሚጻፍ ነገ የሚመጣው ባለሙያ ሳያውቅ ምርጫውን አያፈርሰውም።

ሥዕሉ ቶሎ እንደሚንዛዛ አልክድም። «ይረዳል»፣ «ይጎዳል» የሚሉት ምልክቶችም ብዙ ጊዜ ግምት ናቸው። ስለዚህ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ግን እያንዳንዱ ገጽና ቁልፍ የትኛውን ግብ እንደሚያገለግል፣ የእያንዳንዱም ግብ ባለቤት ማን እንደሆነ ሳይጻፍለት የመጀመሪያውን ክፍያ አይልቀቅ።