ምክሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ዋስ ሁኗት

«የሴት ጠላቷ ሴት ናት» ይባላል። ደሴ ላይ ስለ ሴት ነጋዴ ወሬ ሲነሳ ይህች አባባል አትቀርም። ወንዱም ይላታል፣ ሴቷም ትላታለች። እኔ አልቀበላትም። ሰኞ ገበያን የሚያውቅ ሰው የሚቀበላትም አይመስለኝም።

እዚያ አካባቢ በባልትና ንግድ የቆዩ አንዲት እናት አሉ። ሱቃቸው ጠባብ ናት። ዛላ በርበሬው በጆንያ፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ በላስቲክ ተደርድሯል። ከሚዛኑ አጠገብ ጠርዙ የወየበ ደብተር አለ። ደብተሩ ላይ ያለው ስም አብዛኛው የሴት ነው። ከስሙ ፊት ኪሎ፣ ብር፣ ቀን። የተከፈለው ላይ መስመር ተሰምሮበታል። በዓል ሲቃረብ ልጅ ያዘለች ወጣት መጣችና፣ «እትዬ፣ ያለፈውን አልጨረስኩም። ግን ለበዓል ካልያዝኩ ደንበኞቼ ይሄዱብኛል» አለቻቸው። ደብተሩን ገልጠው አዩ። «አብሽሪ ልጄ። የቻልሽውን ክፈይ፣ ቀሪው ለበኋላ ይዙር። ብቻ ኪሎውን ስንት እንደምትሸጪው ንገሪኝ» አሏት። ልጅቷ ዋጋ ጠራች። ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚህ ከሸጥሽማ የወፍጮውንም አትመልሺ» ብለው ቁራጭ ወረቀት ላይ አብረዋት አሰሉ። ማድረቂያው፣ መቀንጠሻው፣ ወፍጮው፣ ትራንስፖርቱ አንድ በአንድ ተደመረ። ከዚያ በርበሬው ተመዘነ፤ ደብተሩ ላይ አዲስ መስመር ተጻፈ።

ካርታ የጠየቃት የለም። ወለድም የለበትም። ልጅቷ ያገኘችው ደግሞ በርበሬ ብቻ አይደለም። ዱቤ የሚታመንላት ሰው ሆናለች። ነገ ሌላ ጅምላ ሻጭ ዘንድ ሄዳ «ከእትዬ እገሊት ነው የምወስደው» ብትል ይበቃታል። ገበያ ውስጥ ስም የሚወጣው እንዲህ ነው።

ይህ ነገር ከባድ ቀን ላይም ተፈትኗል። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ ሲመለሱ ብዙ ሰው ሱቁን ከፍቶ ያገኘው ባዶ መደርደሪያ ነበር። ሱቁም ፋብሪካውም ተዘርፏል። ያኔ እቃ በዱቤ የለቀቁ ሴት ነጋዴዎችን አውቃለሁ። የራሳቸው መጋዘን ሳይሞላ ነው የለቀቁት። ስለ እነሱ የተጻፈ ነገር ብዙም አላየሁም፤ እነሱም አላወሩም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ዱቤ የሚያደርሰው እስከ አንድ ደረጃ ነው። ልጅቷ በርበሬ በኪሎ ስትሸጥ ዱቤ ያኖራታል። የራሷን ወፍጮ ልትገዛ ስትፈልግ ግን ዱቤ አይበቃም፤ ባንክ መሄድ አለባት። ባንክ ደግሞ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ የቤት ካርታ፣ ወይ የመኪና ሊብሬ። ካርታው አብዛኛውን ጊዜ በአባት ወይ በባል ስም ነው። በጋራ ከሆነም ያለ ባል ፊርማ አይንቀሳቀስም። ባል እሺ ካላለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ያላገባች ወይም የፈታችና ቤት የሌላት ሴትማ ከበሩ ነው የምትመለሰው።

በሌላ በኩል የቡድን ብድር አለ። ያኔ አብቁተ የምንለው፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው ተቋም የወሎን ሴቶች ለዓመታት በዚህ መንገድ ሲያበድር ኖሯል። ጎረቤታሞች ይሰባሰቡና አንዷ ለሌላዋ ዋስ ትሆናለች። ይህ ብዙ ቤት አቁሟል፤ ውለታው ሊረሳ አይገባም። ግን አምስት የቸገራቸው ሴቶች እርስ በርስ ዋስ ሲሆኑ የሚያገኙት ብድር አቅማቸውን ያህል ነው። ለጠላ ጥንስስና ለበግ ማድለቢያ ይሆናል። ለማሽን፣ ለሱቅ ኪራይ፣ ለጅምላ እቃ አይደርስም።

ይህ ክፍተት የደሴ ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ የደገፈው፣ በልማት ባንክ በኩል የሚሠራው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ፕሮጀክት የተጀመረው ለዚሁ ነበር። ከቡድን ብድር በላይ ያደጉ፣ ለባንክ ያልደረሱ ሴቶችን እንዲያበድር። ሲጀምር የተመረጡት ስድስት ከተሞች አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ መቀሌና ድሬዳዋ ነበሩ። ደሴም ኮምቦልቻም አልነበሩበትም። ቅር አሰኝቶኛል፤ አሁንም ቅር ይለኛል። ግን ከላይ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። እዚሁ ያሉ፣ ያላቸው ሴቶች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ።

እነማን ናቸው ከተባለ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደሴ ፒያሳ ላይ ሆቴል ያላቸው፣ ኮምቦልቻ ላይ ሕንፃ ያከራዩ፣ ጨርቃ ጨርቅ በጅምላ የሚያወርዱ፣ የግል ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የከፈቱ ሴቶች አሉን። በየዓመቱ የካቲት 29 ቀን፣ የሴቶች ቀን ሲከበር፣ አዳራሽ ይጠራሉ። ከዜሮ እንዴት እንደተነሱ ይናገራሉ፣ ሰርተፍኬት ይሰጣሉ። ንግግራቸውን አልንቅም። አንዲት ልጅ ያንን ሰምታ ልቧ ሊነሳ ይችላል። ሥልጠናውም ይጠቅማል፤ በተለይ የሒሳብ አያያዙ። ግን ሥልጠና ወስዳ፣ የንግድ ዕቅድ ጽፋ፣ ባንክ ደርሳ ዋስ አጥታ የተመለሰች ሴት ሁለተኛ ሥልጠና አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ፊርማ ነው። የአንድ ስመ ጥር ነጋዴ ፊርማ ከአሥር ንግግር ይበልጣል።

«ዋስ መሆን ዕዳ ነው» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። በዋስትና ምክንያት ቤቱ የተሸጠበት አለ፤ ዘመድ ከዘመድ የተቆራረጠበትም አለ። ስለዚህ አንዲት ሴት ብቻዋን ለአሥር ሰው ትፈርም አልልም። ግን አገራችን ለዚህ መላ አታጣም። ወሎ ውስጥ ቅሬ አለን፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብርበታል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዋጮ አለው፣ ያጠፋ ይቀጣበታል። ማን የታመነ እንደሆነ፣ ማን ከፍሎ እንደማያውቅ የቅሬ ዳኛ ከማንም በላይ ያውቃል። ይህን የምንቀብርበትን ሥርዓት ለመነገጃ ማድረግ ምን ያቅታል?

በሐሳብ ደረጃ የቀረ ነገርም አይደለም። በ2005 ሥራ የጀመረውን እናት ባንክን ያቋቋሙት 11 ሴቶች ናቸው። የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት። ባንኩ ካስለመዳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ አቅም ያላቸው ሰዎች ገንዘብ ያስቀምጣሉ፣ ያ ገንዘብ ንብረት ለሌላቸው ሴቶች ብድር ዋስትና ይሆናል። ያስቀመጠው ሰው ስጦታ አልሰጠም፤ ብሩ የራሱ ነው። አደጋውን ግን ተጋርቷል።

እዚህም ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። ከደሴና ከኮምቦልቻ ሃያ ወይ ሠላሳ ያላቸው ሴቶች ይሰባሰቡ። እያንዳንዷ የማይጎዳትን ያህል በዝግ ሒሳብ ታስቀምጥ። ተበዳሪዋን የምትመርጠው ደብተሯን የምታውቅ ሴት ትሁን፤ ዱቤ ሰጥታ ያስመለሰች። ከአንዷ ኪሳራ ቢመጣ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ ማንም ቤቷን አታጣም።

ገንዘቡ ብቻ ግን አይበቃም፤ ትዕዛዝም ያስፈልጋል። ይህን በተለይ ለኮምቦልቻ እላለሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም ሠራተኛ አላቸው። ሠራተኛ ይበላል፣ ቱታ ይለብሳል። 2014 ላይ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ስትወጣ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ተጎዱ፣ ስፌት መስመር ላይ የዋሉ ልጆችም ሥራ አጡ። እነዚህ ልጆች ኢንዱስትሪ ማሽን ላይ መስፋት የሚያውቁ ናቸው። እነሱን አንድ ላይ አድርጎ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ማሰፋት የምትችል የትምህርት ቤት ባለቤት ለምን ትዕዛዙን ወደ አዲስ አበባ ትልካለች?

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ደረሰኝ ነው። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ነገር ገቢዎች ወጪ ብሎ አይዝላትም። እንጀራ ጋጋሪዋ ወይም ሰፊዋ ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር ከሌላት ሆቴሏም ትምህርት ቤቷም ሊገዟት ይቸገራሉ። ትልቋ ነጋዴ ልትረዳ የምትችለው እዚህ ላይ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ አላት፤ ገቢዎች ቢሮ የትኛው መስኮት እንደሚኬድ ታውቃለች። ሦስት አራት ጋጋሪዎች በጥቃቅን ተደራጅተው አንድ ፈቃድ፣ አንድ ደረሰኝ እንዲያወጡ ሰው መድባ ብታስጨርስላቸው ከዚያ በኋላ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ሆቴል ይሸጣሉ።

«ዛሬ የረዳኋት ነገ ጎኔ ሱቅ ከፍታ ደንበኛዬን ትወስዳለች» የሚል ፍርሃትም አለ። በግልጽ አይነገርም እንጂ ብዙ ሴት ሆድ ውስጥ ነው። አንዲት የደሴ ልብስ ሰፊ ላይ ይሄው ደርሷል። ያስተማረቻት ልጅ ሁለት ሱቅ አልፋ ከፈተች። መጀመሪያ ተኳረፉ። አረፋ ሲደርስ ግን የአንዷ ቤት ሞልቶ ፈሰሰ፤ ትዕዛዝ ከመመለስ ወደ ሌላዋ መላክ ጀመረች። ገና ሲመጣ ልጅቷ መለሰችላት። አሁን ሰው ልብስ ሊያሰፋ ወደዚያ ሰፈር ነው የሚሄደው፤ ሁለቱም አላነሰባቸውም። ሁሌ እንዲህ ያልቃል አልልም። ግን ስጋቱ ከሚገባው በላይ ተጋኗል።

ያላት ሴት ለሌላዋ በር ስትከፍት ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። ደሴ ስመ ጥሩን ትምህርት ቤቷን በወይዘሮ ስህን ስም የጠራች ከተማ ናት። ልጃቸው እቴጌ መነን፣ የአምባሰሏ፣ 1924 ላይ አዲስ አበባ የሴቶች ትምህርት ቤት አስከፍተዋል። ለሴት ልጅ ትምህርት ምን ይሠራል በሚባልበት ዘመን።

ባንኮችም ሰበብ ጠቧቸዋል። የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ቆይቷል። ማሽን፣ የሱቅ እቃ፣ ከብት ሳይቀር ለዋስትና እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ መዝገቡም ብሔራዊ ባንክ ዘንድ አለ። ቅርንጫፍ ላይ ግን ዛሬም «ካርታ አምጪ» ነው የሚባለው። አንዲት ወፍጮ ፈላጊ ብቻዋን ሄዳ ይህን አዋጅ ብትጠቅስ የሚሰማት አይኖርም። በዚያው ባንክ ሚሊዮኖች የምታንቀሳቅስ ነጋዴ አብራት ሄዳ ብትቀመጥ ግን ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስቦ ያዳምጣል። ጥያቄውም አጭር ነው፦ የዚህችን ሴት ማሽንና በዝግ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ዋስትና አድርጋችሁ ትቀበላላችሁ ወይስ አትቀበሉም? አንቀበልም ካሉ ዝግ ሒሳቡን ይዞ ወደሚቀጥለው ባንክ መሄድ ነው። ከፒያሳ ጀምሮ መንገዱ ግራና ቀኝ ባንክ ነው።