የባሊንኮሊግ ባሩድ ፋብሪካ የማን ነበር?

በአየርላንድ፣ ኮርክ አጠገብ ያለው የባሊንኮሊግ ባሩድ ፋብሪካ «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር ንብረት ነበር» እየተባለ ነው። ባሩድ ሲባል ጦር ቢታሰብ አይገርምም፤ ግን ልክ አይደለም። በ1794 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ቻርልስ ሌስሊ የሚባል የኮርክ ባለባንክ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1805 ገዛው፤ የናፖሊዮን ጦርነት ሲያበቃ በ1815 ሥራው ቆመ። በ1830ዎቹ የግል ኩባንያ መልሶ ከፈተው፤ እስከ 1903 ዘለቀ። ጦሩ ያሠራው እንግዲህ 10 ዓመት ያህል ብቻ ነው።

ይህ ከተዘነጋ፣ በሊ ወንዝ ዳር ለግል ኩባንያ ሲሠሩ የኖሩት የባሊንኮሊግ ከተማ ሠራተኞች ከታሪኩ ይወጣሉ። ማጣራት የፈለገ ኩባንያውን ይመራ የነበረውን የቶማስ ቶቢንን ስም በከተማዋ ታሪክ ውስጥ ይፈልግ። ቦታው ዛሬ ፓርክ ነው፤ የፋብሪካውን የውኃ ቦይ ተከትሎ መሄድም ይቻላል። የሕንጻዎቹ ፍርስራሽ የተራራቀው ያለምክንያት አይደለም፦ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው እንዳይከተል ነው።